ሀያ ግራም

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ኮምቦልቻ ፖስታ ቤት፣
ከእንጨት መስኮት ኋላ፣ ከማኅተሙ ፊት፣
ባሕር ያላየሁ ሰው፣ ባሕር አሻግሬ
ወረቀት እልክ ነበር፣ ወንበር ላይ ታስሬ።
ጅዳ፣ ደማም፣ ዶሃ፣ መስቀጥ፣ ኩዌት ከተማ፣
ለእኔ ሳጥን ቁጥር፣ ለእናት ግን ጨለማ።
የንጉሥ ራስ፣ መዶሻ፣ ዋልያ፣ አበባ፣
አንዱ ቴምብር ሲወጣ ሌላው እየገባ፣
ምላሴ ሁሉንም እኩል ነው የላሰው፤
ሙጫው ያው ሙጫ ነው፣ ማን ቢነግሥ በሰው።

በስልሳ ዓመቴ ጡረታ ስወጣ
ሰዓት ሸለሙኝ፣ የማረፍድበት ሲታጣ።
ልጄ ረውዳ ደግሞ፣ መስቀጥ ነርስ የሆነች፣
«አባባ፣ ሦስት ወር ና» ብላ ትኬት ላከች።
ሻንጣዬን ከተትሁ፤ በሶና በርበሬ፣
የደም ግፊት ክኒን፤ ከሥር ግን ቀብሬ
አንድ ፖስታ ያዝሁ፣ ጠርዙ የወየበ፣
ሀያ ሁለት ዓመት መሳቢያ የኖረ፣ ያልተነበበ።

ላዩ ላይ «ለዘምዘም ይመር፣ መጥራሕ» ይላል፤
እናቷ ጦይባ ያስጻፈችበት እጅ ዛሬም ያምራል።
ሄዶ ተመለሰ፤ በዐረብኛ ማኅተም፣
በቀይ ቀስት፦ «በዚህ አድራሻ የለችም»።
ጦይባ ግን ያን ዓመት፣ ሐምሌን ሳትሻገር፣
ገብታ ነበር አፈር።
ደንቡ ግልጽ ነው፦ «ስድስት ወር ይቆይ፣ ከዚያ ይቃጠል።»
ክብሪት ጫርሁ አንድ ቀን። ክብሪቱ ብቻ ነው የነደደው፣ እስከ ጣቴ ድረስ፣ ቀስ በቀስ ሲከስል።

ከአውሮፕላኑ መስኮት ውሃውን አየሁት፣
ዳር የለው፣ ጫፍ የለው፤ ተነሥቼ አየሁት።
ለካስ ይህን ኖሯል፣ በአንድ ብር ቴምብር፣
በቀን መቶ ጊዜ፣ እያዛጋሁ የማሻግር።

ረውዳ ሌሊት ሠርታ ቀን ቀን ትተኛለች።
(«እንተያይ» ብለን፣ ስገባ ትወጣለች።)
እኔም ጫማዬን በእጄ አንጠልጥዬ
ደረጃውን ወርጄ፣ ቀስ ብዬ፣
በአውቶቡስ ከሩዊ መጥራሕ፣ ፖስታዬን በደረት ኪስ፣
ላብ እንዳያርሰው በፌስታል ጠቅልዬ።

አሥራ አንደኛው ቀን ላይ ቤቱን አገኘሁት።
ቤት ግን አይደለም፤ መኪና ማቆሚያ ነው ያየሁት።
ዘበኛው ራጃን ነው፣ የኬረላ ሰው፣
ከአንድ ድመት ጋራ ጥላ የሚጋራው።
«ዘምዘም?» አልሁት። ሳቀ።
«ሁሉም ዘምዘም፣ ሁሉም ሐበሺያ፣ ሁሉም ሄደ» ብሎ አወቀ ወይ አላወቀ፣
ከዚያ እንደ ማዘን አለና ውሃ ሰጠኝ፣ የሞቀ።
ራሱ ለስንት ዓመት ቤቱን እንዳላየ ብጠይቀው፣
ጣቱን መቁጠር ጀመረ፤ ሌላኛው እጁ ላይ ሲደርስ ተወው።

ሲመሽ፣ ዓሣ ገበያው ሲበተን፣
አንድ ሽማግሌ ያጥባል ሚዛን።
የሥራ ልማድ ነው፤ ሳላስብ ፖስታውን
አስቀመጥሁበት፤ አየሁ ቁጥሩን።
ሀያ ግራም። አልጨመረም፣ አልጎደለም።

ያኔ ነው ያስታወስሁት። ምነው ባላስታወስሁ።
ጦይባ መስኮቴ ጋ ቆማ፣ ሚዛኑን አየሁ፣
«ከልኩ አልፏል፣ እማ» አልሁ፣ ቀና ሳልል፣
«አንዱን ገጽ ያንሱ፣ ወይ ሒሳብ ይጨምሩ፣ ሰው ተሰልፏል።»
መቀነቷን ፈታች፣ ሳንቲሟን ቆጠረች፣
መልሳ ቋጠረች፤
ፖስታውን ከፈተች፣ አንዱን ገጽ አወጣች፣
አጥፋ አጥፋ ጉያዋ ከተተች፣ ሄደች።
ማንበብ አታውቅም ነበር።
የትኛውን ገጽ እንዳስቀረች በምን ታውቅ ነበር?

ባሕሩ ላይ አልጣልሁትም። አልከፈትሁትምም።
ሙሉ ያልሆነ ነገር ለውሃም አይሰጥም።

አሁን ኮምቦልቻ ነኝ፤ የሸለሙኝ ሰዓት
ከፖስታው በላይ ነው፣ አምስት ደቂቃ ወደ ኋላ የቀረበት።
ትናንት ለረውዳ ጻፍሁ። በስልክ ያላልሁትን፦
የበርዋን እጀታ፣ የተዘጋ መጋረጃዋን፣
ስትተኛ እግሯን እንደ እናቷ እንደምታጥፈው፣
በሩ ስንጥቅ ቆሜ ሦስት ወር ያየሁት ይኸው ነው።
አራት ገጽ ሆነ።
በድሮ መስኮቴ አንዲት ልጅ ተቀምጣለች፣
መዘነች።
«ከልኩ አልፏል፣ አባባ። አንዱን ገጽ ያንሱ፣ ወይ…» አለች።

ከፈልሁ።